የሳይክሉ አረንጓዴ

ሰኞ 4፣ ምሳ ሰዓት

ዝናቡ ገባ። ቀለም በእርጥበት አይደርቅም፤ አለቃችን ግን ይህን ለደንበኛ አይናገርም። «ለሐሙስ ይደርሳል» ይልና ይሄዳል፤ ሐሙስን የማደርሰው እኔ ነኝ።

ይህን ደብተር የያዝኩት ለሥራ ነበር። መኪና ከመፋቁ በፊት የአሮጌውን ቀለም ቅርፊት በምላጭ አንስቼ በፕላስተር ደብተር ላይ እለጥፋለሁ፤ አጠገቡ ቅልቅሉን እጽፋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስሠራ እጄ ሳላዘው የሚያደርገው ነገር ሆኗል። ቆይቶ የቀኑን ነገር ከቀለሙ አጠገብ መጻፍ ጀመርኩ። አሁን ሥራው ኅዳጉ ላይ ቀርቶ ገጹን የራሴ ወሬ ይዞታል። የትኛው ቀን ምን እንደሆነ የማስታውሰው ቅርፊቱን አይቼ ነው።

ግቢው ውስጥ ሦስት ፎቅ ቆሟል። ፎቅ የምንላቸው ትልልቆቹን የመስክ መኪኖች ነው። መስክ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም፣ ከቤት ወደ ቢሮ ነው የሚመላለሱት። እዚሁ በያጅ የሆነው ባለቤቴ ከሥራቸው ብረት እየጨመረ ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ከፊታቸውም በወፍራም ቧንቧ የተሠራ መከላከያ ይበይድላቸዋል። እኔ ያን ብረት ጥቁር እቀባለሁ። ጥቁሬ ውስጥ ትንሽ የእርሳስ ግራጫ ጣል ስለማደርግ ከሌላ ጋራዥ ጥቁር ይለያል። መንገድ ላይ ሳየው አውቀዋለሁ፣ ደስም ይለኝ ነበር።

ሐሙስ 7

የኮንትራክተሩን መኪና ጨረስን። ኮንትራክተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲገባ ዘበኛውን ሳይቀር ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይላል። «ልጆቼን የምጭንበት ነው፣ ከፍ ሲል ልቤ ያርፋል» ብሎ ነው ያሠራው። ማን በዚህ ይፈርድበታል?

ቀለሙን በቀን ብርሃን እንድናየው ወደ ግቢ አወጣነው። መሪው ጋ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከፊት ቆሞ «አየሽኝ?» አለ። ከደረቱ በላይ አየሁት። ቁጢጥ አለ፣ ጠፋ። ከዚያ የቀለም በርሜል አምጥቶ ብረቱ ሥር አቆመ፤ አልታየኝም። እየገፋ አራቀው፤ አልታየኝም። ስድስተኛው እርምጃ ላይ ክዳኑ ብቅ አለ። አለቃችን «ካልታየሽ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

ስንስቅ የሳይክል ደወል ተሰማ። እዚያው ከኮፈኑ ሥር ነው፣ ሰው ግን የለም። ወርጄ ሳይ ለካ ጋሽዬ ነው። አንድ እግሩን መሬት ረግጦ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ከኋላ አስሮ ቆሟል።

«ቀለሜ፣ አየሽኝ ወይስ ሰማሽኝ?»

«ሰማሁህ እንጂ አላየሁህም።»

«መኖሬን ካወቅሽ ይበቃኛል» አለና ወደ ባለቤቴ ዞረ፦ «አንተ ደግሞ ለምትሠራው ቤት መስኮት አውጣለት እንጂ።»

ጋሽዬ ታላቅ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አባባ ያኔም ከራሱ ጋር አልነበረም፤ ስለዚህ ያሳደገኝ ጋሽዬ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ የልብስ ስፌት ማሽን ይጠግናል። በትምህርት ሰነፍ ስለነበርኩ ቀለም ማደባለቅ ስጀምር «በስተመጨረሻ ቀለሜ ሆንሽ» ብሎ ሳቀብኝ፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

ሳይክሉን የቀባሁለት እኔ ነኝ። ከተማሪ አውቶብስ የተረፈ ቢጫ፣ ከውኃ ቦቴ የተረፈ ሰማያዊ፣ ከአንድ የሙሽራ መኪና የተረፈ ብርማ፤ ሦስቱን አንድ ጣሳ ውስጥ ደፋኋቸውና የጥሬ ባቄላ ልጣጭ የመሰለ አረንጓዴ ወጣ። ልኩን አልጻፍኩትም። ደግመሽ አምጪ ብባል አልችልም፣ እንዲያ ያለ አረንጓዴ ሌላ ቦታ የለም። «የእህቴ ቀለም» ይለዋል።

እሑድ 10

ጋሽዬ ምሳ አብሮን በላ። ከባለቤቴ ጋር ዳማ ተጫወቱና እንደ ልማዱ አሸነፈው። ባለቤቴ «ሳይክል ነጂ ቀኑን ሙሉ ነፍሱን ለማዳን ስለሚያስብ ዳማ አይከብደውም» አለ።

ሊወጣ ሲል ቦርሳውን ፈልጎ አጣው። እጁ ላይ ነበር። ሳቀ፤ ግን በር ላይ ቀስ ብሎ «አባባ መርሳት የጀመረው ስንት ዓመቱ ላይ ነበር?» አለኝ። ስልሳ አልሞላውም ነበር። ጋሽዬ ሃምሳ ሰባት ነው። አባባ በመጨረሻ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይለኝ ነበር፣ በየቀኑ። ጋሽዬ ይህን አልረሳውም። «እግሬን ይውሰደው፣ እጄንም ይውሰደው፣ ጭንቅላቴን ብቻ ይተውልኝ» አለ። ሁሌ የሚላት ነገር ናት። «ሂድ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው» ብዬ ሸኘሁት።

ማክሰኞ 12፣ ምሳ ሰዓት

ቸኩያለሁ። ኮንትራክተሩ ተመልሶ መጣ። መኪናውን ከወሰደ አምስት ቀኑ ነው። የፊት ብረቱ በስተቀኝ ጎብጧል። «ጠዋት የሆነ ነገር ነካሁ መሰለኝ፤ ጉድጓድ ይሁን የበር ምሰሶ እንጃ። ዝናብ ነበር፣ ከላይ ሆኜ ምንም አልተሰማኝም» አለ። ከሰዓት ራቅ ያለ መንገድ ስላለው አለቃ አጣደፈን። ባለቤቴ በእሳት አቃናው። እኔ ፋቅሁ፣ ቀባሁ።

ብረቱ ላይ ጭረት ነበር። የሆነ ቀለም ነክቶታል። ልብ ብዬ አላየሁትም።

ባለቤቴ «ዝም ብለሽ ጨርሺው» አለኝ። አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

ዛሬ የለጠፍኩት ቅርፊት የለም።

ለጋሽዬ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ማሽን ፈትቶ ሲቀመጥ ስልክ አያነሳም። ለምን እንደደወልኩም እንጃ።

ማክሰኞ፣ ሆስፒታል ኮሪደር

አሥር ሰዓት ላይ ስልክ መጣ፤ ጋሽዬ ተጎድቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም፣ አደባባዩ አጠገብ። ስልኩ ተሰባብሮ ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ቀኑን ሙሉ ስም የሌለው በሽተኛ ሆኖ ተኝቷል። ዳሌው። ጭንቅላቱ። እጁ ደህና ነው፣ እጁን አይቻለሁ። ነርሷ «ቀለም ነው ወይስ ደም?» አለችኝ። የኔን እጅ ማለቷ ነው። ሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ነው የመጣሁት።

ረቡዕ 13

አልነቃም። የደብተሩ ሁለት ገጽ ተጣብቆብኛል፣ ይቅር።

ባለቤቴ እስከ ሆስፒታሉ በር አደረሰኝ፤ አልገባም። «መድኃኒት ሽታ አልችልም» አለ። ባለፈው ዓመት እናቱ ስትታመም አሥር ቀን አጠገቧ አድሯል።

ዓርብ 15

ነቃ። አየኝና «ቀለሜ» አለ። ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ አገኘሁ። የመንገድ ጠራጊ ናት፤ አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት። «እህቱ ነሽ?» ብላ እጄን ያዘችኝ። የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው፦

«ፎቅ የሚያክል ጥቁር መኪና ነው እህቴ። መብራቱ እኔን ግንባሬ ላይ ነው የሚመታኝ። ደወሉን ሰምቻለሁ፤ ሁለቴ ደውሏል ሰውየው። መኪናው ሲታጠፍ ጠቅ አደረገውና ሄደ። ሮጦ አይደለም የሄደው፣ ቀስ ብሎ ነው። ያላየ ሰው አካሄድ ነው። እኛንም እኮ አያዩንም፤ ጎማቸው አጠገብ ጎንበስ ብዬ ስጠርግ እኔ ነኝ የምሸሸው።»

ታርጋውን አላየችም። ጭቃ ነበር።

ጥቁር መኪና ብዙ ነው። ከተማው ሙሉ ጥቁር መኪና ነው።

እሑድ 17

የትራፊክ ፖሊሷ መጣች። ወጣት ናት፣ ፊቷ ላይ ድካም አለ። ለጋሽዬ እየተሳቀቀች ነገረችው፦ መንገዱ እርጥብ ነበር፣ የኋላ ጎማው አልቋል፣ ሳይክሉ ላይ የመኪና ግልጽ ምልክት አላገኙም፣ ጠራጊዋም ስትጠየቅ ከሩቅ ነው ያየችው። «አባቴ፣ ተንሸራተው የወደቁ ይመስላል።»

«አልወደቅሁም፣ ተመትቻለሁ» አላት። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግን እርግጠኛ ነው። «ደወልኩ። ቀና ስል መብራቱ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር። ከዚያ የለሁም።»

«ምን ዓይነት መኪና?»

ግንባሩን አሻሸ። አያስታውስም። ሐኪሙ በጆሮዋ «እንዲህ ያለ ግጭት ላይ የሚያስታውሱት ነገር ሊደባለቅ ይችላል» ሲላት ሰማሁ። ጋሽዬም ሰምቷል።

እኔ የአልጋውን ልብስ ጫፍ እያስተካከልኩ ነበር። ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት።

ረቡዕ 20፣ ጋራዥ

አለቃ «ለአንድ ሳምንት እረፊ» ቢለኝም መጣሁ። ቤት መቀመጥ ባሰብኝ። ሌላ ፎቅ ገብቷል። ይኼኛው መንገድ ላይ አንዲት መምህርትን በስፖኪዮው መትቶ ጥሏታል አሉ፤ ባለቤቱ የሚያዝነው ለስፖኪዮው ነው። ሲያወራ በቁመቴ ልክ ያለው ኮፈን ላይ ክንዱን አስደግፎ ነው። ስቱኮ ለስልሼ ዝም ብዬ ሠራሁለት። እዚህ ቤት ምን መታህ ብሎ መጠየቅ የለም። ከመጀመሪያው ቀን የተማርኩት ይህንን ነው፦ ለእኛ የሚመጣው ብረቱ እንጂ ወሬው አይደለም።

ቀለም ልለካ ብዬ ሁለቴ ተሳሳትኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ተሳስቼ አላውቅም።

ቅዳሜ 23፣ ንጋት

ትናንት ባለቤቴን «ለምን አትጠይቀውም? ዳማ ይዞ ይምጣ እያለ ነው» አልኩት። የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር፤ አንዱን ዘለለ፣ እንደገና ጀመረ።

«ምን ልበለው?»

«እግዜር ይማርህ በለው፣ ሌላ ምን ትላለህ።»

«አንቺስ ምን ትይዋለሽ?»

ጀርባውን አዙሮ፣ እንዲህ አለ፦ «ብረቱን የበየድኩት እኔ ነኝ። ከተፈቀደው በላይ ያነሳሁትም እኔ ነኝ። ያጠብሽውና የቀባሽው አንቺ ነሽ። ጋራዡ ከተዘጋ ሰባት ቤተሰብ አለ። ሰውየው እንደሆነ አያውቅም፤ የማያውቅን ሰው ነው የምናስረው።»

«ምን አጠብኩ?» አልኩት።

አየኝ። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «ምንም» አለ፤ «ምንም አላጠብሽም።» ከዚያ አብረን ቁርስ በላን።

ማክሰኞ 26

በትራፊክ ቢሮው በኩል አለፍኩ። እግረ መንገዴን ነው። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ሁልጊዜም ይኖራል። በሩ ላይ ያለችው ልጅ «ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። ሽንት ቤት የት ነው አልኳት።

ሽንት ቤቱ ውስጥ ሆኜ ለራሴ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ሰው አልነበረም። ስወጣ አመሰገንኳትና ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ይህንን ለመጻፍ አልፈራም፣ ገጽ ምን ያደርገኛል።

ሐሙስ 28

ከሆስፒታል ወጣ። እኛ ቤት አልሄድም ብሎ ወደ ራሱ ቤት ወሰድኩት። ያለ ምርኩዝ አይራመድም፤ ሐኪሙ ሳይክሉን እርሳው ብሎታል። ይህንን ዝም ብሎ ተቀበለው። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው።

ጎረቤቱ የማሽን ክር መወጠሪያ ይዛ መጥታ የዕቃውን ስም ጠየቀችው። አጣው። በእጁ ይዞ እያገላበጠ ስሙን አጣው። ሠላሳ አምስት ዓመት የነካካውን ዕቃ። ሐኪሙ ለጥቂት ወር እንዲህ ያለ መርሳት ይኖራል ብሎ ነበር፤ አስታወስኩት። «ሐኪም እንዲህ ይላል፤ ለአባባም እንዲህ ብለውት ነበር» አለኝ።

ሲመሽ ደግሞ፦ «ቀለሜ፣ የማስበውን ልንገርሽ? ምናልባት መኪና አልነበረም። ምናልባት ወድቄ፣ ጭንቅላቴ ነው መኪናውን የፈጠረው። አባባም ሌባ ገባ እያለ በር ይቆልፍ አልነበር? አንድም ቀን ሌባ ገብቶ አያውቅም።»

«መኪና ነበር» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። «ደክሞሃል፣ ተኛ» አልኩት። ያሳደገኝን ሰው።

ሰኞ 2

ሳይክሉን መለሱለት። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የፊት ጎማው ስምንት ቁጥር ሆኗል። ምርኩዙን ይዞ ወጣና ለብቻችን መሆናችንን አይቶ እንዲህ አለኝ፦

«ፖሊስ ቀለም አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። መኪና መትቶኝ ከሆነ የሱ ቀለም እዚህ ላይ ይኖራል፣ የኔም እሱ ላይ። አንቺ አንዴ ያየሽውን ቀለም አትረሺም። እይልኝና እውነቱን ንገሪኝ። ያልሽኝን አምናለሁ። ተመትቼ ከሆነ ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ በእግሬ አላዝንም። ወድቄ ከሆነም ልወቀው፣ ልዘጋጅበት።»

ጎንበስ አልኩ። ከመቀመጫው ሥር፣ ውስጥ በኩል፣ ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። የጥፍር ያህል ጥቁር ነበር። እርሳስ ግራጫ ያለበት ጥቁር።

እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቃል። ትንፋሹን እሰማለሁ። ቀና ብል ያየኛል ብዬ ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ።

«የአስፋልት ነው» አልኩ። «ወድቀህ ነው ጋሽዬ።»

«እሺ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ትንሽ ሆኜ ዜሮ አግኝቼ ስመጣ እንደሚያደርገው።

ረቡዕ 4

ፈረመ። ብቻዬን ተንሸራትቼ ወድቄያለሁ፣ በማንም ላይ ክስ የለኝም የሚል ወረቀት ነው። ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ፈረምኩለት። ፊርማዬ አላማረም።

ከዚያ ጠራጊዋ ወደምትሠራበት አደባባይ ካልወሰድሽኝ አለ። ወሰድኩት። ከታክሲ ወርዶ በምርኩዙ እየተጎተተ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። «ሰው ፊት ውሸታም አስመሰልኩሽ፤ ወድቄ ኖሯል» አላት። ሴትየዋ እሱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «ደወሉን ሰምቻለሁ» አለች። መጥረጊያዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። እኛ እዚያ ቆመን ሳለ ሁለት ፎቅ አለፈ። ጋሽዬ ደንግጦ ክንዴን ያዘኝ፤ ክንዴን እንደያዘም ይቅርታ ጠየቀኝ።

ዓርብ 6፣ ጋራዥ

ኮንትራክተሩ መጣ። ያንን መኪና ራቅ ላለ አገር ሸጦታል፣ ሌላ ገዝቷል፣ ከዚያም ከፍ ያለ። «የመጀመሪያው ላይ ስሆን ከፊቴ ያለው አይታየኝም ነበር» አለ። «ስለዚህ ይኼኛውን ደግሞ ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ?» ቀልዱን አልነበረም። አለቃ «ይቻላል» አለ።

ባለቤቴ ቧንቧውን መቁረጥ ጀምሯል። ዳማ ከተወ ሰነበተ፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ አይሰማም። ሲበይድ መነጽሩን ሳያደርግ አየሁት፤ «ዓይንህ» አልኩት፤ «ይሁን» አለ።

ጥቁሩን እንድቀላቅል ጣሳ ሰጡኝ። እርሳስ ግራጫውን ጣል ለማድረግ እጄ እምቢ አለ። አሞኛል ብዬ ወጣሁ። በሕይወቴ እውነት የተናገርኩት ዛሬ ይመስለኛል።

ቅዳሜ 7፣ ከቀትር በኋላ

ጋሽዬ ቤት ሄድኩ። ባለፈው የረሳሁትን የፕላስተር ጥቅል ጨርሶታል።

ቤቱን ሁሉ ጽፎበታል። ቁም ሳጥኑ ላይ «ልብስ»። ቆርቆሮው ላይ «ጨው»፣ ሌላው ላይ «ስኳር»። ምድጃው ላይ «አጥፋ»። ማሽኑ ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በትንንሽ ፊደል፣ ክር መወጠሪያውንም ጭምር። በሩ ላይ «ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ነው»። ፊደሉ ቆንጆ ነው፣ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው።

«አባባን ሳይዘጋጅ ነው የያዘው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው፣ ፈገግ እያለ። «እኔ ጊዜ አገኘሁ። አንቺ በወቅቱ ስለነገርሽኝ ነው።»

ውኃ ልቅዳ ብዬ ወደ ጓዳ ስገባ ፎቶዬን አየሁት። ጋራዥ የተቀጠርኩ ዕለት የተነሳሁት ነው፤ እጄ እስከ ክርኔ ቀለም ነው። ከሥሩ በፕላስተር እንዲህ ይላል፦ «እህትህ ናት። ቀለሜ። የማን ልጅ ነሽ ብለህ እንዳትጠይቃት፣ ታዝናለች።»

ውኃውን ቀዳሁለት። ጠጣ። እንደገና ቀዳሁለት።

እሑድ 8፣ ጠዋት

ጋሽዬ፣ ይህን ገጽ የምጽፈው ለአንተ ነው። ተኝተሃል፤ እኔ ወንበርህ ላይ ነኝ። ስጨርስ ደብተሩን አልጋህ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ትራፊክ ቢሮ እሄዳለሁ። ዛሬ ሽንት ቤት አልጠይቅም። አንተን ቀስቅሼ ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ግን አቃተኝ፤ ሞክሬያለሁ።

የማክሰኞ 12ን ገጽ ፈልግ። ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቋል። ያጣበቅሁት እኔ ነኝ። በምላጭ ቀስ ብለህ ክፈተው፤ እጅህ ደህና ነውና አትቀደውም። ኅዳጉ ላይ፣ በፕላስተር ሥር፣ አረንጓዴ ቅርፊት አለ። የጥሬ ባቄላ ልጣጭ የሚመስል። ከተማሪ አውቶብስ፣ ከውኃ ቦቴ፣ ከሙሽራ መኪና የተረፈ። ከኮንትራክተሩ መኪና የፊት ብረት ላይ ያነሳሁት ነው። አነሳሁት አልልም፣ እጄ ነው ያነሳው፤ እኔ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ ላዩን ጥቁር ቀባሁት። ልብ ብዬ አላየሁትም ብዬ ጽፌያለሁ። ገና እንዳየሁት ነው ያወቅሁት። አውቄ ነው የደወልኩልህ፣ ሳጣህም አውቄ ነው የፋቅሁት።

ባለቤቴም አይቷል። ብረቱ የእሱ፣ ጥቁሩ የእኔ ነው። የሚመጣው ይምጣ። አንተ እንዳትምረኝ፤ አንተ ቶሎ ትምራለህ፣ እሱን ነው የምፈራው።

እግርህን አልመልስልህም። ሳይክሉን አልመልስልህም። የፈረምከውን ወረቀት ይሰርዙልኝ ይሆን አላውቅም፤ መኪናውም የለም። አንድ ነገር ግን የአንተ ነው፣ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ የሰረቅሁህም እሱን ነው። እነዚያን ፕላስተሮች አንድ በአንድ አንሳቸው። ጨው የቱ እንደሆነ ታውቃለህ። ቁልፍህ የት እንዳለ ታውቃለህ። የኔንም ከፎቶው ሥር አንሳው፣ ወይም ከፈለግህ ፎቶውን ራሱን።

ሁለት ጊዜ ደወልክ። መብራቱ ከጭንቅላትህ በላይ ነበር። አልወደቅህም ጋሽዬ።